የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ስለ አንድ ዓይነት ሰው ልናገር ፈልጌ ነው። ስሙን አልጠራም፤ መንዝም ሆነ ሸዋ ሮቢት ያለ አንባቢ «ይሄማ የእኛ ሰፈር ሰውዬ ነው» ማለቱ አይቀርም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርስ፣ ከሰንበቴ የማይቀር፣ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ ታላቁን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ የሚል ሰው። ቤቱ ሲመጣ ግን የበሩ ድምፅ እንደተሰማ ልጆቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ሚስቱ ሁልጊዜ እጅጌዋን ወደ ታች ትጎትታለች። አገሩ ብርድ ነው፣ ሹራብ መደራረቧ ማንንም አይገርምም።

በጣም የሚያንገበግበኝ እኛ ጎረቤቶቹ ያንን ጥሩ ስሙን እንደ ምስክር መቁጠራችን ነው።

ሚስቱን የሚመታው ንዴቱን መቆጣጠር አቅቶት ነው የሚሉም አሉ። ውሸት! አለቃው ሲቆጣው አይማታም። ቀበሌ ሲያመላልሰው ይታገሳል። እድር ላይ ቢሰድቡት ሳቅ ብሎ ያልፋል። ትዕግሥቱ የሚያልቀው ሰው የማያየው ቦታ ብቻ ነው፣ ያውም ልብስ የሚሸፍነውን እየመረጠ። ይሄ አውቆ የሚያደርገው ነገር ነው።

አንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ተበደልኩ ያለችው እሷ፣ ሽማግሌዎቹ የእሱ የማኅበር ጓደኞች። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል፣ እሷ ደግሞ ለሚዳኟት ሰዎች ጠላ ትቀዳለች። «ተይ የኔ ልጅ፣ እሱ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም፣ ምን ብታስከፊው ነው?» አሏት። እጇ ሲንቀጠቀጥ ጠላው ከብርጭቆው ውጪ ፈሰሰ። መልስ አልሰጠችም። በመጨረሻ ጉልበቱን ስማ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ሆነች። ታዲያ ይህች ሴት ሌላ ጊዜ ቢመታት ለማን አቤት ትበል?

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። እዚያው ጥናት ላይ 63 ከመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ሲሉ መልሰዋል፤ ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ወጥ ማሳረር ነው። እናቶቻችን «ቻይው» እያሉ ያሳደጉን መሆኑ አንጀት ያቃጥላል።

ሕጉ ግን አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ጥቃትን ወንጀል ያደርገዋል፣ ያለ ጋብቻ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። ገመና ነው ተብሎ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

ሽምግልና ይቅር አልልም፣ ብዙ ቤት አቃንቷል። የተደበደበችን ሴት ግን ከደብዳቢዋ ፊት አስቀምጦ «ተናገሪ» ማለት ይቅር። ለብቻዋ ስሟት። የባልየው ወዳጅ የሆነ ሽማግሌም ራሱን ያግልል። የንስሐ አባቶችም «ታገሺ» ከማለታችሁ በፊት ቤቷ ብትመለስ ምን እንደሚጠብቃት ጠይቋት።

እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጋዜጠኛ ልካችሁ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግን፣ የሴቶች ጉዳይን አነጋግራችሁ ጻፉልን። አንዲት ሴት በዚህ ብርድ ሌሊት ልጆቿን ይዛ ከቤት ብትወጣ፣ እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የት ሄዳ ማደር ትችላለች?

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን