የተሰበረው ደጋንም ይታተም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ከእንጨት የፍላጻ መወርወሪያ ደጋን ስለመሥራት በእጅ ሥራ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ደጋን ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ እናቶቻችን ጥጥ ሲነድፉበት አይተናል፣ በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎችም ከከብት አንገት ደም ለመቅዳት ትንሽ ደጋን ይጠቀማሉ። እዚህ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን በእጃቸው ሊሠሩት መነሣሣታቸው ሊበረታታ ይገባል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከሳንቃው ግዥ ተነሥቶ በሁለት አንቀጽ ውስጥ ወደ ተጠናቀቀው ደጋን ፎቶግራፍ ስለደረሰ፣ በመካከል ያለው ዋናው ትምህርት፣ ማለትም እንጨቱ የሚሰነጠቅበት፣ ጎብጦ የሚቀርበትና የሚደክምበት ምክንያት ሳይነገር ቀርቷል። በሜሪላንድ ለማኅበረሰባችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የእንጨት ሥራ ስለማስተምር፣ የመጀመሪያው ደጋን ሲሰበርባቸው ዳግመኛ መጋዝ ላለመንካት የሚወስኑ ልጆች ያጋጥሙኛል። ከስብራቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የተሰበረው እንጨት ማንም ሳይመረምረው ወደ ቆሻሻ መጣያ መሄዱ ነው። ስለዚህ ዓምዳችሁ ከተሳካው ሥራ ጎን ያልተሳካውንም እንዲያወጣ፣ ለምን እንዳልተሳካም እንዲያስረዳ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ደጋን ሲሳብ ሁለቱ ፊቶቹ ተቃራኒ ሸክም ይሸከማሉ። ዒላማውን የሚያየው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። ስብራትም ሆነ ጉብጠት ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ስለሚጀምር፣ የተሰበረውን እንጨት በጥሞና የሚያይ ሰው ምን እንደተፈጠረ ከሞላ ጎደል ሊያነበው ይችላል። ከጀርባው ላይ ረጅም ስንጣሪ ተነሥቶ ስብራቱ በሰያፍ የሄደ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የተፈጸመው ገና በእንጨት መሸጫው ውስጥ ነው፤ የእንጨቱ ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይዘልቁ በጎን በኩል ተቆርጠው የሚወጡበት ሳንቃ ተገዝቷል ማለት ነው። በሆዱ ላይ እጅግ የቀጠኑ አግድም መስመሮች ከታዩ እንጨቱ ከአቅሙ በላይ ተጨምቋል፤ ክንፉ፣ ማለትም ከመያዣው እስከ ጫፉ ያለው የሚታጠፈው ክፍል፣ በጣም ጠባብ ወይም በጣም አጭር ሆኖ ተሠርቷል፣ አለበለዚያም በዚያ ቦታ ከሌላው ይልቅ ሳስቷል። ሳይሰበር አውታሩ ከወለቀለት በኋላ ጎብጦ የቀረ ደጋን ደግሞ በአብዛኛው በቅጡ ያልደረቀ እንጨት ነው። ለብዙዎቹ ጠንካራ እንጨቶች ተስማሚ የሚባለው የእርጥበት መጠን ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ ወበቃማ በጋ ከቤት ውጭ የከረመ ሳንቃ ከዚያ በላይ እርጥበት ይይዛል፤ በክረምት ማሞቂያ አጠገብ የተቀመጠው ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቆ ይሰባበራል።

ለጀማሪ የሚመከሩት ቀይ ኦክና ሂክሪ የተባሉት ጠንካራ እንጨቶች በየእንጨት መሸጫው ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ሥራ ሂክሪን አስበልጣለሁ፤ መለጠጥን በመቻል ጥቂት እንጨቶች ብቻ ይወዳደሩታልና። ዋናው ነገር ግን የዛፉ ዓይነት ሳይሆን በሳንቃው ሰፊ ፊትና በጠርዙ ላይ የሚታዩት መስመሮች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀጥ ብለው መድረሳቸው፣ ጉጥም አለመኖሩ ነው። ከመቶ ሳንቃ አንዱን ለመምረጥ ግማሽ ቀን መፍጀት አያሳፍርም። ርዝመትን በተመለከተ፣ አውታሩን እስከ 71 ሴንቲሜትር ለሚስብ ሰው የማይታጠፈው የመያዣ ክፍል ተጨምሮበት ከ167 ሴንቲሜትር ያላነሰ ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉም በላይ በዝርዝር ሊጻፍበት የሚገባው የውፍረት ጉዳይ ነው፤ ልጆች ተስፋ የሚቆርጡት በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ። የእንጨት ለመታጠፍ እምቢ ማለት ከውፍረቱ ጋር በእኩል መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስምም፤ የሚለዋወጠው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ክንፍ ላይ በአንድ ቦታ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢነሣ፣ ያ ቦታ ለመታጠፍ እምቢ ከሚልበት ጉልበት 23 በመቶ ያህል ያጣል። ስፋቱ በዚያው ልክ፣ ማለትም ከ12 አንድ እጅ ቢቀንስ ግን የሚጠፋው 8 በመቶ ያህል ነው። በመላጊያ ሁለት ሦስት ጊዜ አብዝቶ የገፋ ልጅ ክንፉ ድንገት በአንድ ቦታ ብቻ ሲታጠፍ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡን የነገረው ሰው ከሌለ እጁ ለሥራው ያልተፈጠረ ይመስለዋል፤ ቢነገረው ግን ወደ ማለቂያው ሲደርስ መላጊያውን አስቀምጦ በሞረድና በፋቂ ስለት ቀስ እያለ ይሠራል፣ ውፍረቱንም በየጊዜው ይለካል።

እንዲህ በአንድ ቦታ የደከመ ክንፍ አይጣልም። መፍትሔው የደከመውን ቦታ ጨርሶ ሳይነኩ፣ ያልታጠፉትን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከእነርሱ ብቻ በጥቂቱ እየፋቁ መላው ክንፍ አብሮ እንዲታጠፍ ማድረግ ነው። ከእያንዳንዱ ፍቀት በኋላ ደጋኑን ሃያ ሠላሳ ጊዜ በትንሹ ስቦ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ እንጨቱ የተደረገበትን ለውጥ የሚያሳየው ከተለማመደ በኋላ ነውና። በሥራው መካከልም ደጋኑ በመጨረሻ ሊኖረው ከታሰበው የመሳቢያ ጉልበት በላይ መሳብ የለበትም። በ20 ኪሎ ጉልበት እንዲሳብ የታሰበው ደጋን በዚህ እርማት ምክንያት ወደ 14 ኪሎ ሊወርድ ይችላል፤ ቢሆንም በ14 ኪሎ በእኩልነት የሚታጠፍ ደጋን ለታናሽ እህት ወይም ወንድም የሚሆን፣ ሠሪውንም የሚያስከብር ሥራ ነው።

ያላለቀ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስተምር የሚያሳይ አንድ ታላቅ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር ባሉት የአልፕስ ተራሮች ከበረዶ ውስጥ አስከሬኑ የተገኘውና ኦትዚ የሚል ስም የወጣለት፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ሰው፣ የው ከሚባል ዛፍ የተጠረበ 1.82 ሜትር ርዝመት ያለው ደጋን ከአጠገቡ ነበር። ደጋኑ አላለቀም ነበር፤ የመጥረቢያው ምልክቶች እስከ ዛሬ ይታዩበታል። ተመራማሪዎች የዚያ ዘመን ሠሪ እንጨቱን እንዴት እንደጠረበ ማየት የቻሉት ሠሪው ሳያለሰልሰው ስለቀረ ነው። በ1545 ከሰመጠችውና በ1982 ከባሕር ከወጣችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ ከ130 በላይ ያለቁ ደጋኖች ተገኝተዋል፤ እነርሱ የሥራውን ፍጻሜ ያሳያሉ፣ የኦትዚው ደግሞ ሂደቱን። ጋዜጣችሁም ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቀርብ ምኞቴ ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ሳንቃው ሲሰበር «ገንዘብ ባከነ» ብሎ ከፋብሪካ የወጣ የፋይበርግላስ ደጋን መግዛት ልጁን ለጊዜው ያስደስተዋል፤ ነገር ግን እንጨት መምረጥን፣ መለካትንና መታገሥን የሚማርበትን መንገድ ይዘጋበታል። በሌላ በኩል ስህተት በራሱ አስተማሪ ነው የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ሳይለካና ሳይመዘገብ የተጣለ ስብራት ምንም አያስተምርም፤ ያው ጥፋት በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳንቃ ይደገማል። በእኛ ክፍል የተሰበሩት ክንፎች ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ፤ ከሥራቸውም የእንጨቱ ዓይነት፣ የተሰበረበት ቦታ ውፍረትና ስፋት፣ ሲሰበር ምን ያህል ተስቦ እንደነበር በልጁ እጅ ተጽፎ ይለጠፋል። የሠሪው ስም አይጻፍም፤ የሚመረመረው እንጨቱ እንጂ ልጁ አይደለምና። አዲስ የሚመጣ ተማሪ ሳንቃውን ከመቁረጡ በፊት እነዚያን ያነባል።

ጥንቃቄን በተመለከተ በጽሑፋችሁ ያልተነሡ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ደጋን የሚሰበረው ከፊት አጠገብ ስለሆነ ቀላል አይደሉም። ገና ያልተመጣጠነ ደጋን በእጅ እየተሳበ መሞከር የለበትም፤ ግድግዳ ላይ በተመታ ጠንካራ ድጋፍ አስቀምጦ፣ ከአውታሩ ጋር የታሰረ ገመድ በትንሽ መዘውር አሳልፎ፣ ራቅና ጎን ብሎ ቆሞ መሳብ ይገባል። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። አውታሩን ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅ ደህና የነበረውን ደጋን እንኳ ሊሰብር ስለሚችል ለልጆች በመጀመሪያው ቀን ሊነገራቸው ይገባል።

አዘጋጆቹ ፈቃዳችሁ ቢሆን፣ አንባቢዎች የተሰበሩ ወይም ጎብጠው የቀሩ የመጀመሪያ ደጋኖቻቸውን ፎቶግራፍ ከእነ ልኬታቸው እንዲልኩላችሁ ጥሪ አድርጉ። ፎቶግራፉ ጀርባውንም ሆዱንም ቢያሳይ፣ ስብራቱም ከቅርብ ቢነሣ መንስኤውን ለመለየት ያመቻል። እኔም ከወላጆቻቸው ፈቃድ ካገኘሁላቸው ተማሪዎች ሥራ መካከል የተወሰኑትን ከእነ ማብራሪያቸው ለመላክ፣ አንባቢዎች ለሚልኩትም የምችለውን ያህል አስተያየት ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ሥራ አስተማሪ፣ ከሜሪላንድ