ቁጥሩን ስትጽፉ ማን እንደተቆጠረም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው ስለ ቨርቹዋል ዓለሞች፣ ማለትም ሰው በኮምፒውተር ገብቶ በአቫታር (እሱን በሚወክል ምስል) ከሌሎች ጋር ስለሚገናኝባቸው ዓለሞች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ብዙ ነገር ነክቷል፣ ግን አንዱን ቦታ "በጎብኚ ብዛት አንደኛ" የሚለው ጋ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ቆጠረው? የቆጠረውስ ምኑን ነው፣ ሰውን ነው ወይስ ሎግኢን ያደረገ አካውንትን? ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም፣ ይሄን ደሞ የማውቀው ተነግሮኝ ሳይሆን በአይኔ አይቼው ነው።

አንዱ ቨርቹዋል ዓለም ውስጥ ለብዙ ዓመት ያቆየኋት ትንሽ ቦታ አለችኝ፣ የዓለሙን ስም አልጠራም ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ሰው ይመጣል፣ ሙዚቃ እንሰማለን፣ እናወራለን፣ አንዳንዱ የሠራውን ነገር ያሳያል፣ በቃ ይሄው ነው። ግድግዳዋን አንድ በአንድ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ መብራቷን ብቻ ሦስቴ አፍርሼ ሠርቻለሁ። ታዲያ አንድ ሰሞን ጎረቤቴ ያለ ክለብ በሳምንት ውስጥ ሰርች (የዓለሙ ቦታዎች መፈለጊያ) ላይ ከታች ተነስቶ አናት ላይ ቁጭ አለ። ካርታው ላይ ስታዩት ከሠላሳ በላይ አረንጓዴ ነጥብ አለ፣ አንዱ ነጥብ አንድ አቫታር ነው፣ ቀን የለ ሌሊት የለ ሁሌም እዛው። ምን አድርገው ነው ሰው እንዲህ የሚመጣላቸው፣ ሄጄ ልማር ብዬ ገባሁ።

መድረኩ ባዶ ነው። ሙዚቃው ይጫወታል፣ መብራቱ ይዞራል፣ አንድም ሰው የለም። ካርታው ላይ ግን ነጥቦቹ አሉ። ካሜራዬን ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ሳወጣ ከክለቡ በላይ ሰማዩ ላይ በር የሌለው መስኮት የሌለው ሳጥን ተሰቅሏል፣ ውስጡ አቫታሮቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሁሉም ለጀማሪ የሚሰጠውን ያንኑ ልብስ ነው የለበሱት፣ ፊታቸው ወደ አንድ ግድግዳ ዞሯል። "ሰላም" ብዬ ጻፍኩ፣ ዝም። "ሰው አለ?" አልኩ፣ ዝም። ፕሮፋይላቸውን አንድ በአንድ ከፈትኩት፣ ሁሉም አካውንት የተከፈተው በሁለት ቀን ውስጥ ነው፣ ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ ጫፉ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ይለያያል፣ ጓደኛ የላቸው ግሩፕ የላቸው ፎቶ የላቸው።

እዛው እንዳለሁ አንድ አዲስ ሰው ገባ፣ አካውንቱን የከፈተው የዛን ቀን ነው። "ካርታው ላይ ብዙ ሰው አለ ይላል፣ የት ናችሁ?" ብሎ ጻፈ። አንጀቴን በላው። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነገርኩት፣ የምታያቸው ነጥቦች ቦት ናቸው፣ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚያንቀሳቅሳቸው አቫታሮች ናቸው አልኩት። ትንሽ ቆሞ "እና እዚህ ዓለም ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ አለ እኮ ና ላሳይህ ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ወጣ፣ ከዛ በኋላ አይቼው አላውቅም። እኔ ሪፖርት አድርጌ ነበር፣ ደርሶናል የሚል አውቶማቲክ መልስ መጣልኝ፣ ከዛ ወዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አንባቢዎቻችሁ ለምን እንዲህ ይደረጋል ሊሉ ይችላሉ፣ ነገሩ ስሌት ነው። አንዳንድ ዓለሞች ላይ የአንድ ስፍራ "ትራፊክ" የሚለካው ሰዎች እዛ ባሳለፉት ደቂቃ ነው፣ ሰርች ላይ የምትወጡበት ቦታ ደሞ ከትራፊኩ ጋር ይያያዛል። የኔ ቦታ ማታ ሰባት ሰው መጥቶ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢቆይ 840 ደቂቃ ነው፣ ለኔ ይሄ ጥሩ ማታ ነው። ሠላሳ ቦት ግን አይተኛም አይበላም፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሲቆም 43,200 ደቂቃ ይመጣል፣ ከኔ ከ51 እጥፍ በላይ። ወጪ የለውም ወይ ካላችሁ፣ ቦቱ ምስሉን ማየት አያስፈልገውም እኮ፣ የኛ ኮምፒውተር የሚደክመው ዛፉንና ውሃውን ሲስል ነው፣ ቦቱ ግን ምስል ሳይስል ከሰርቨሩ ጋር ብቻ ተገናኝቶ "አለሁ" ይላል በቃ፣ ስለዚህ አንድ ተራ ኮምፒውተር ብዙ ቦቶችን በአንዴ ይዞ መቀመጥ ይችላል። አንድ ቦታ የሚይዘው የአቫታር ብዛት ደሞ ገደብ አለው፣ ቦቶቹ ኮታውን ሲሞሉት እውነተኛው ሰው "ሞልቷል" ተብሎ ከደጅ ይመለሳል፣ የገባውም ላግ (የምስሉና የእንቅስቃሴው መንቀርፈፍ) ያስቸግረዋል፣ ሰርቨሩን የምንጋራው ጎረቤቶችም አብረን እንጎተታለን።

ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 2003 የተከፈተው ሰከንድ ላይፍ የሚባለው ቨርቹዋል ዓለም ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ አይቶታል። ያኔ መጀመሪያ የመጣው የካምፒንግ ወንበር የሚባለው ነበር፣ ወንበሩ ላይ ዝም ብለህ ስትቀመጥ በደቂቃዎች ልክ ጥቂት ሊንደን ዶላር (የዛ ዓለም ገንዘብ) ይከፈልሃል፣ የወንበሩ ባለቤት ደሞ ትራፊኩ ያድግለታል። ቢያንስ እዛ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ሰው ነበር፣ ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ሳንቲሙን ያገኘው በዛ ነው፣ እኔ አልፈርድባቸውም። ቀጥሎ ሰዎች በክፍት ኮድ የሠሯቸው ፕሮግራሞች መጡና ለሰው መክፈሉ ቀረ፣ ቦት ማቆም ይበቃል ተባለ። የሰከንድ ላይፍ ባለቤት ሊንደን ላብ በ2009 ትራፊክ ለማሳደግ ቦት ማቆም ክልክል ነው ብሎ ፖሊሲ አወጣ፣ ቦት ያለው ሰውም አካውንቱን ቦት ብሎ እንዲያስመዘግብና እንዳይቆጠር አደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ቦት ሁሉ መጥፎ አይደለም። እንግዳ ተቀብሎ የት ምን እንዳለ የሚያሳይ አለ፣ ሱቅ ውስጥ ልብስ ለብሶ የሚያሳይ አለ። ቦት ነኝ ብሎ እስከቆመ ድረስ ከማንም ጋር ጠብ የለውም። የሚያናድደኝ ሰው መስሎ የሚቆጠረው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልምጣ፣ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ጋዜጠኛ ቁጥር ይወዳል፣ ይገባኛል፣ ርዕስ ላይ ያምራል። ግን እነዚህ ዓለሞች ላይ ቁጥር በጣም ተንሸራታች ነገር ነው። በ2022 ዲሴንትራላንድ የሚባል ቨርቹዋል ዓለም ላይ የሆነውን አስታውሱ፣ ዳፕራዳር የሚባለው መረጃ ሰብሳቢ በቀን 38 ንቁ ተጠቃሚ ብቻ ብሎ አሳየ፣ ያኔ ፕሮጀክቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመት ነበር፣ ዲሴንትራላንዶች ደሞ አይ በቀን ወደ 8,000 ሰው አለን አሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ? 38ቱ በብሎክቼይኑ (በዲጂታል የግብይት መዝገቡ) ላይ ግብይት ያደረጉ ብቻ ናቸው፣ ገብቶ ዞር ዞር ብሎ የወጣው እዛ ውስጥ የለም። ቁጥሩን ያነበበ ሁሉ ግን "38 ሰው ብቻ!" እያለ አራገበው። እዛ ላይ ቁጥሩ ያነሰው በአቆጣጠሩ ነው፣ እኔ ጎረቤት ያለው ደሞ በአቆጣጠሩ ያበጠ ነው፣ ሁለቱም ቦታ አንባቢው ሰው የተቆጠረ መስሎት ነው የሚሄደው።

ሮብሎክስ የሚባለውን የጨዋታ መድረክም እዩት። በ2024 ኦክቶበር ላይ ሂንደንበርግ ሪሰርች የሚባለው ኩባንያዎችን የሚመረምር ድርጅት ሮብሎክስ የተጠቃሚ ቁጥሩን አጋኗል ብሎ ሪፖርት አወጣ፣ ሮብሎክስ ደሞ ሐሰት ነው ብሎ አስተባበለ። ማን ልክ ነው የሚለውን እኔ አልዳኝም፣ የኔ ሥራም አይደለም። ግን ሮብሎክስ ራሱ ለባለሀብቶች በሚያቀርበው ሰነድ ላይ በቀን የሚገቡ ተጠቃሚዎች የሚለው ቁጥር የተለያዩ ሰዎች ብዛት ማለት አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፎታል፣ ሁለት አካውንት ያለው ሰው ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል። ድርጅቱ ራሱ የጻፈውን ማሳሰቢያ ዜናው ላይ ስንቱ ነው አብሮ ያወጣው? ማሳሰቢያው ይቀራል፣ ሚሊዮኑ ርዕስ ላይ ይወጣል፣ ከዛ ሰዉ "ይሄን ያህል ሚሊዮን ሰው" እያለ ያወራል።

በሕግ በኩልም ነገሩ ገና ነው። የአሜሪካው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ደንብ በቦት የተሠራ ፎሎወርና እይታ ለንግድ ሲባል መሸጥም እያወቁ መግዛትም ከልክሏል፣ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን የተጻፈው ስለ ሶሻል ሚዲያ ነው፣ ሰማይ ላይ ሳጥን ውስጥ ስለቆመ አቫታር ስሙን ጠርቶ የተናገረ የለም። የዓለሞቹ ባለቤቶችም ቢሆኑ ቦት ማጥፋት የራሳቸውን ቁጥር መቀነስ ነው፣ ጠቅላላ ተጠቃሚያችን ይሄን ያህል ደረሰ እያሉ ገንዘብ ለሚሰጣቸው ሰው የሚያሳዩት እሱን ቁጥር ነው እኮ። ለዚህ ነው እናንተ ጋ የመጣሁት፣ ከውጭ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ቀጥሎ ስለእንዲህ ዓይነት ቦታ ስትጽፉ ቁጥሩን የሰጣችሁን ሰው ጠይቁት፣ በአንዴ የነበረ ሰው ነው ወይስ በወር ውስጥ የገባ ጠቅላላ? ቦት ተቀንሶለታል ወይ? አካውንት ነው ወይስ ሰው? መልስ ከሰጠ ከቁጥሩ ጎን ጻፉት፣ አልመልስም ካለም አልመለሰም ብላችሁ ጻፉት፣ አንባቢው ይፈርዳል። ከዛ ደሞ ከቻላችሁ አንዱ ጋዜጠኛችሁ ራሱ ይግባና ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ሰላም ይበል፣ ማን እንደሚመልስለት ይይ። አንድ ቦታ ሕይወት ይኑረው አይኑረው ከዛ በላይ የሚነግራችሁ ነገር የለም። የኔዋ ቦታ ላይ ሰባት ሰው ብቻ ስንሆን እንኳን አንድ እንግዳ ሲገባ ሦስቱ በአንዴ ነው ሰላም የሚሉት፣ ስሙን ይጠይቁታል፣ አቫታሩ ልብስ ካልተጫነለት ያስተካክሉለታል። ሰርች ላይ ግን ስምንተኛው ገጽ ላይ ነን፣ እዛ ድረስ ወርዶ የሚፈልገን የለም። ባለፈው ዓመት ከኛ ጋር ከነበሩት ቦታ ያላቸው ልጆች ሁለቱ ሞራላቸው ወድቆ ዘግተው ሄደዋል፣ አንዷ የሠራችው የአትክልት ቦታ እስካሁን አይኔ ላይ አለ።

የጠቀሳችሁትን ቦታ ቁጥር በተመለከተ እርማት ወይም ማብራሪያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ለማጣራት ከፈለጋችሁ ደሞ በፈለጋችሁት ሰዓት አካውንት ከፍታችሁ ግቡና ጠብቁኝ፣ ጎረቤቴ ጋ ያለውን ሳጥን አብረን ወጥተን እናየዋለን፣ እስከ ትናንት ማታ ድረስ እዛው ነበር፣ ነጥቦቹም አልቀነሱም።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ