የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ ከኩላሊት ተነስተን አንጀት ገባን

«እናንተ ደግሞ ከግድግዳ ጋዜጣ ሌላ ምን አላችሁ?» ላላችሁን ባልደረቦች ይቺ ዘገባ መልስ ትሁን። ምርጫው፣ ስብሰባው፣ ቃለ ጉባኤው እንደማንኛውም ክበብ ነው፤ አላሰለቻችሁም።

የዓመቱን ርዕስ የመረጡት ልጆቹ ናቸው። ኩላሊት ሲደክም አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምን ይሆናሉ? እኛ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ለየብቻ ነው የምናስተምረው። አካላችን ግን እንደዚያ አይሠራም። ጤነኛ ኩላሊት ዩሪያን፣ ማለትም ሰውነት ፕሮቲን ሲጠቀም የሚተርፈውን ቆሻሻ፣ ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወጣል። ሲታመም ዩሪያው ደም ውስጥ ይከማችና ወደ አንጀትም ዘልቆ ይገባል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪኤዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። አሞኒያው ደግሞ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች የተያያዙበትን ቦታ ያላላል፤ ያኔ እዚያው መቅረት የነበረበት ነገር ወደ ደም ሾልኮ ይገባል።

ይህንን በወሬ ብቻ አላለፍነውም። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥም ዩሪኤዝ አለ። ስለዚህ የገበሬውን ዩሪያ ማዳበሪያ በውሃ አሟሟን፣ በሁለት ብርጭቆ ከፈልን፣ አንዱ ላይ የጥሬ አኩሪ አተር ዱቄት፣ ሌላው ላይ የተቀቀለ ጨመርን። አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለይ ሊትመስ ወረቀት ከጠየቅን ቆይተናል፣ እስካሁን የለም፤ ከመርካቶ ቀይ ጥቅል ጎመን ገዝተን ቀቅለን በውሃው ተጠቀምን። የጥሬው ብርጭቆ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ ቤዝ የሆነው አሞኒያ ተፈጠረ ማለት ነው። የተቀቀለው ባለበት ቀረ፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ገድሎታላ። ሽታውን የጎረቤት ክፍል መምህራን ያስታውሱታል፣ ይቅርታ።

ያልረሳሁት ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የሄድንበትን ቀን ነው። ጅማ እንደ ልማዷ ዝናቧን አወረደችብን፣ በባጃጅ ተጠጋግተን፣ ጫማችን ጭቃ ለብሶ ደረስን። ልጆቹ በማይክሮስኮፕ ሐምራዊና ሮዝ የተቀቡ ባክቴሪያዎችን አዩ። ባለሙያው ሌላም ነገር ነገረን፦ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከፕሮቲን የምናገኘውን ትሪፕቶፋን የሚባል ንጥረ ነገር ኢንዶል ወደሚባል ሌላ ነገር ይቀይራሉ፣ ጉበት ደግሞ ከኢንዶል ኢንዶክሲል ሰልፌት የሚባል ነገር ይሠራል፤ እሱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ ይጠራቀማል፣ ሰውነትንም ይጎዳል።

ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማነው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «አጎቴ በሳምንት 3 ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ታዲያ እጥበቱ ይሄን ለምን አያወጣውም?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ባለሙያው አልቸኮለም፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ዩሪያ ትንሽና ነጻ ስለሆነ በማሽኑ ማጣሪያ ያልፋል፣ ይሄኛው ግን አብዛኛው አልቡሚን በሚባለው የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚዞረው አላት። ትንሽ አሰበችና «እንደ ጀበና፤ ቡናው ይቀዳል፣ አተላው ይቀራል» አለች። እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እንዲህ ያለች ልጅ «ክበብ ጊዜ ማባከኛ ነው» በሚባልበት ግቢ ውስጥ ነው ያለችው።

የዓለም የኩላሊት ቀን በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን በሚኒ ሚዲያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አቀረብን፤ ስኳርና ደም ግፊት ዋነኞቹ የኩላሊት ጠላቶች መሆናቸውን፣ የኩላሊትን መድከም የሚያሳይ ክሬቲኒን የሚባል የደም ምርመራ መኖሩን። አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ ለጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች እንደሚበጅ ስንናገር «እንግዲያው ለኩላሊት በሽተኛ ጥራጥሬና ሙዝ እናብዛለት» ያሉ ነበሩ። ኧረ ተዉ! ፖታሲየም ስላላቸው የደከመ ኩላሊት ላለው ሰው አደጋ ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪሙን ሳይጠይቅ ማንም ምግቡን አይቀይር።

የጎደለውንም ልንገራችሁ። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ፈተና ሲመጣ አባላት ሳሱ፣ መብራትም በፈለግነው ቀን አልነበረም። ማይክሮስኮፓችን ባለ 40 ሌንስ ላይ ያበቃል፤ ባክቴሪያን በደንብ ለማየት ባለ 100 ያስፈልጋል። ለኳስ ቡድኑ በየዓመቱ ማሊያ ይገዛል፣ ደስ ይላል፣ እኔም ኳስ እወዳለሁ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ አንድ ሌንስና ሊትመስ ቢገዛልን ግን ምን ይጎዳል?

ለሚቀጥለው ዓመት ያቺ ልጅ ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች፤ የእንጀራ እርሾ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ መለካት ትፈልጋለች። ማየት የምትፈልጉ ወላጆች ሐሙስ ከሰዓት ላብራቶሪያችን ኑ። ከመጸዳጃው ጀርባ ያለው፣ በሩ ላይ አሁንም «መጋዘን» የሚለው ነው።