ካሜራው አለ፣ ማሰሪያው ጎማ የለም፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፤ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት

ጉዳዩ፦ ለኢንዶስኮፒ ሕክምና የሚያስፈልጉ አላቂ ዕቃዎችን አቅርቦት ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአንድ የክልል ሪፈራል ሆስፒታል የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ስሆን፣ ከሥራዬ ከፊሉ ሕመምተኞችን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ወደ ሰውነት ውስጥ በሚገባ ባለ ካሜራ ቀጭን ቱቦ፣ ማየትና ሲቻል ደግሞ ማከም ነው። «ሲቻል» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱው ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ከጣና ዙሪያ የመጣ አንድ ወጣት ገበሬ ደም እያስመለሰው በአስታማሚዎች ሸክም ደረሰን። ከልጅነቱ ጀምሮ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ሲውል የያዘው ቢልሃርዚያ በጉበቱ ውስጥ ያለውን የደም መተላለፊያ ስላጠበበበት፣ መውጫ ያጣው ደም በምግብ ቧንቧው ግርጌ ያሉትን የደም ሥሮች አሳብጧቸው ነበር። ካሜራውን ስናስገባ ያበጡትን ሥሮችም የሚደማውን ቦታም በግልጽ አየን። ሥሩን የምናስርበት ትንሽ የጎማ ቀለበት ግን በመጋዘን አልነበረም። ወንድሙ በከተማው ያሉትን የግል መድኃኒት ቤቶች ሲያዳርስ ውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ እኛም ሪፈር ጽፈን ወደ አዲስ አበባ ላክነው። በመንገድ ላይ ዳግመኛ እንደደማ የሰማሁት በኋላ ነው።

በቢልሃርዚያ ምክንያት የሚመጣው የጉበት ጉዳት ከሌላው የጉበት ጠባሳ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ የጉበቱ ሥራ በአብዛኛው ሳይበላሽ ይቆያል። እንዲህ ያለ ሰው መድማቱ ከቆመለትና ያበጡት ሥሮች በተከታታይ ቀጠሮ እየታሰሩ ከጠፉለት ወደ ማሳው ተመልሶ ብዙ ዓመት ሊያርስ ይችላል። ሥሩን በጎማ ማሰር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት የጉበት ጠባሳ ያለባቸውን 129 ሕመምተኞች በሁለት መድቦ፣ ለግማሾቹ ሥሩን የሚያደርቅ መድኃኒት ሲወጋላቸው ለቀሩት ደግሞ በጎማ ሲታሰርላቸው ውጤቱን አነጻጽሮ ነበር። በመርፌው ከታከሙት 45 በመቶው፣ በጎማው ከታከሙት 28 በመቶው ሞተዋል። ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ዕውቀት በእኛ ክፍል እስከ ዛሬ የሚወሰነው በመጋዘን ጠባቂው «አለ» ወይም «የለም» ነው።

በቅርብ ዓመታት የወጡት ጥናቶች ደግሞ እንደ እኛ ላለ አገር ጠቃሚ የሆኑ ነገሮችን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሆንግ ኮንግ የወጣው፣ ከላይኛው የምግብ መተላለፊያ የሚደሙ 516 ሰዎችን ያካተተው ጥናት፣ ስፔሻሊስት ከተጠራ በ6 ሰዓት ውስጥ የተደረገ ኢንዶስኮፒ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተደረገው የተሻለ አለመሆኑን አረጋግጧል፤ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በመጀመሪያው ወገን 8.9 በመቶ፣ በሁለተኛው 6.6 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የደም ግፊታቸው ወርዶ መረጋጋት ያቃታቸውን አላካተተም፤ ላበጡ ሥሮችም የባለሙያዎች መመሪያ 12 ሰዓት ይላል። ቢሆንም በየሆስፒታሉ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ቡድን ማቆም ግዴታ አለመሆኑንና በደንብ የተሟሉ ጥቂት የክልል ማዕከላት ብዙ ሕይወት ሊያተርፉ እንደሚችሉ ያመለክታል። የእኛ ሕመምተኞች ችግር በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት አይደለም፤ ሪፈር ይዘው ሲንከራተቱ የሚያልፉት ቀናት ናቸው።

በዚያው ዓመት በላንሴት የታተመው፣ በ15 አገሮች ከ12,000 በላይ ሕመምተኞችን የመዘገበው ጥናትም ሊነሳ ይገባዋል። ብዙዎቻችን በቀላሉ ስለሚገኝ ደም ያቆማል ብለን ተስፋ የጣልንበት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ከጨጓራና አንጀት በሚደሙ ሰዎች ላይ ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም በደም መልስ ሥሮች ውስጥ የደም መርጋትን እንደጨመረ አሳይቷል። የኢንዶስኮፒን ሥራ በአንድ መርፌ እንተካለን የሚለው ሐሳብ በዚህ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከባርሴሎና የወጣው ጥናት ደግሞ 921 ሕመምተኞችን አጥንቶ፣ የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢን ከ7 በታች ሲወርድ ብቻ ደም መስጠት ከ9 በታች ሲወርድ ከመስጠት የተሻለ መሆኑን አስመስክሯል፤ ከ6 ሳምንት በኋላ በሕይወት የቆዩት 95 በመቶ እና 91 በመቶ ነበሩ። የደም ባንካችንን ሁኔታ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ሆኖም እነዚያ ሕመምተኞች ሁሉ በ6 ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒ ተደርጎላቸዋል። የሚደማውን ሥር ሳናስር «ደም ቆጥቡ» የሚለውን ብቻ ብንወስድ ጥናቱን በግማሽ ማንበብ ይሆንብናል።

ሁለተኛው ዕቃ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን የምግብ ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ ነው። በአርሲና በባሌ ብዙ ሰው የሚያጠቃው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያለበት ሕመምተኛ ወደ እኛ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ውኃ እንኳ አልወርድ ሲለው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚቀረው መልካም ነገር ምራቁን መዋጥና ከልጆቹ ጋር ማዕድ መቁረስ ነው። በኬንያ ቦሜት ያለው የቴንዌክ ሆስፒታል ከ900 ለሚበልጡ ሕመምተኞች ከገባ በኋላ በራሱ የሚከፈተውን የብረት ስቴንት በኢንዶስኮፒ አስገብቶ፣ አብዛኞቹ ዳግመኛ መዋጥ መቻላቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 በላንሴት ኦንኮሎጂ አሳውቋል፤ ሥራው የተሠራውም ፍሎሮስኮፒ የሚባለው ውድ የራጅ መሣሪያ ሳያስፈልግ ነው። ከብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 220 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ከስቴንቱ በኋላ ጨረር መጨመር የመዋጥ ችሎታን እንደማያሻሽል፣ የሚጠቅመውም የመድማት ሥጋት ላለባቸው ጥቂቶች መሆኑን ገልጿል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥበት በነበረ አገር፣ ወረፋ ሳይጠብቁ በአንድ ቀን ተሠርቶ ወደ ቤት የሚያስመልስ ሕክምና መኖሩን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

«መጀመሪያ መከላከል» የሚል መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል እገምታለሁ፤ እኔም አልቃወመውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ አጣቢዎች እንዶድ በሚጠቀሙበት ጅረት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩባት አገር ልጆች ነንና ቢልሃርዚያን ከምንጩ ማድረቅን ከማንም መማር አያስፈልገንም። ነገር ግን ዛሬ የሚሰጠው የቢልሃርዚያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ከ20 ዓመት በፊት የጠበበውን የደም መተላለፊያ መልሶ አያሰፋም።

ስለዚህ የምጠይቀው ተጨማሪ የኢንዶስኮፒ ማሽን እንዲገዛልን አይደለም። የማሰሪያ ጎማ፣ የሚደማን ቦታ ቆንጥጦ የሚይዝ ክሊፕ፣ የኢንዶስኮፒ መርፌና ስቴንት እንደ መድኃኒት ተቆጥረው በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዓመታዊ የግዢ ትንበያ ውስጥ በየሆስፒታሉ የሥራ መጠን ይካተቱ። ማሽን በሚገዛበት ጊዜም ቢያንስ የሦስት ዓመት አላቂ ዕቃና የጥገና ውል አብሮ ይገዛ፤ አለበለዚያ ማሽኑ በሽታን አይቶ የሚያረዳ ብቻ ይሆናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ መዋጮውን በየዓመቱ እየከፈለ፣ ሲደማ ጎማውን ከውጭ እንዲገዛ መታዘዙ የመድኑን ዓላማ ስለሚያፈርስ፣ ዕቃዎቹ በሆስፒታሉ ባልተገኙ ጊዜ ወጪው የሚመለስበት ግልጽ አሠራር የጤና መድን አገልግሎት ያውጣልን። ከሐኪሙ ጎን ቆማ ጎማውን የምታዘጋጀው፣ ካሜራውንም አጥባ ከተላላፊ በሽታ የምታጸዳው ነርስ ሥልጠናም እንደ ትርፍ ነገር እንዳይታይ አሳስባለሁ፤ እሷ በሌለችበት ቀን እኔም የለሁም ማለት ይቻላል።

በእኛ ክፍል በዓመት ምን ያህል ጎማና ስቴንት እንደሚያስፈልግ ከመዝገባችን አውጥቼ በሆስፒታሉ በኩል ለመላክ፣ ለቀጣዩ የበጀት ዓመት የሚዘጋጀው የዕቃ ዝርዝር ላይም ከባለሙያዎቻችሁ ጋር ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የክልል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም