ግጥምህን አነበብኩት

ልጄ እንዴት ሰነበትክ፣ እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በቴሌግራም የላክኸውን ግጥም ደጋግሜ አነበብኩት፣ እውነቱን ልንገርህ ደም ደም አጥንት አጥንት በዛበት። ደምና ባንዲራማ ሁሉም ይጽፋል። አንተ ነሐሴ 2013 ጦርነቱን ሸሽተን ከወልዲያ ስንወጣ አብረኸኝ ነበርክ፣ ሊጡ ኩፍ እንዳለ ከነቡሃቃው ትተነው መጥተን ደሴ ትምህርት ቤት ውስጥ ዴስክ ገጥመን ስንተኛ፣ ያቺ ሴትዮ ሌሊት ሌሊት "ላሚቱ ሳትታለብ አደረች እኮ" እያለች ስትባንን ሰምተሃል፣ እሱን ለምን አልጻፍከውም?

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ህዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ቤታቸው ነደደ፣ እና እንዲህ ብላ ገጠመች እያሉ ሲነግሩን ነው ያደግነው፦

ጎጆዬን አንድዶ ጣሊያን እሳት ሞቀ፣
ክረምት ሲገባማ ምን ሊሞቅ? አለቀ።

አየሃት? ቤቷ የተቃጠለባት እሷ ሆና የሚበርደው እሱ ነው። አገሬ ወገኔ ምናምን የሚል ነገር የለበትም፣ ጎጆ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ስቀህ ሳትጨርስ ያንገበግብሃል።

ደሞ "ግጥም ምን ይጠቅማል" ላልከኝ፣ የጣሊያኑን አገረ ገዥ ግራዚያኒን መጠየቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሶስት ቀን ሙሉ ህዝብ ተጨፈጨፈ፣ እሱ አልበቃው ብሎ አዝማሪውን፣ ጠንቋዩን፣ ትንቢት ተናጋሪውን ሁሉ እየለቀሙ እንዲረሽኑ አዘዘ፣ ይሄን ራሱ ለሮም በቴሌግራም (የድሮውን ቴሌግራም ነው የምልህ) አሳውቋል። ጠመንጃ የያዘ አርበኛ በየጫካው እያለለት ማሲንቆ የያዘ ሰው ምን አደረገው? የጣሊያን ቀን ሊያልቅ ነው የሚለው ወሬ በነሱ አፍ ነበራ የሚዞረው!

ግጥም ዱቄት አይሆንም፣ እሱን አውቃለሁ። ያኔ ዴስክ ላይ ተኝተን ግጥም ቢሰጡን ብርድ ልብስ አምጡ ነበር የምንለው። ግን ማን ምን ጥሎ እንደወጣ ሪፖርት ላይ አይጻፍም፣ ተፈናቃይ ይልህና በቁጥር ያልፍሃል፣ ላሚቱን ማን ይጽፋታል ታዲያ?

እንደገና ሞክረውና በቮይስ ላክልኝ፣ ፊደሉ ስልኬ ላይ ያንስብኛል። ለአክስትህ ከመላክህ በፊት ግን መጀመሪያ እኔ ልስማው፣ እሷ ደሴ ሲባል ገና ሆዷ ይባባል።