ስለ ሳልሞኑ ጽሑፍ፦ ጀልባው በአንድ ፍጥነት አይነዳም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ከጀልባ ኋላ ክር እየጎተቱ ሳልሞን ስለማጥመድ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ጀልባው በሰዓት 4 ኪሎሜትር ይሂድ ብላችሁ ዘጋችሁት። እንደሱ ቢሆንማ ሁሉም ጋዙን እዛው ላይ አስሮ ይተኛ ነበር! ክር እየጎተቱ ሳልሞን የሚያጠምዱ ሰዎች ከ2.5 እስከ 5 ምናምን ያቀያይሩታል፣ ቺኑክ ለሚባለው የሳልሞን ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ይላሉ፣ ኮሆ ለሚባለው ፈጠን፣ ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ አሳውም ስለሚፈዝ ይቀንሳሉ። አሳው ማባበያውን (ክሩ ጫፍ ላይ ያለውን መንጠቆ ያለበት የውሸት ምግብ) ዝም ብሎ ሲከተል ይቆይና ድንገት ሲፈጥንበት ወይ ወደ ታች ሲወርድበት ነው ብዙ ጊዜ የሚነክሰው።

ሳትጽፉት ያለፋችሁት ትልቁ ነገር ደግሞ መታጠፉ ነው። ጀልባዋን እያጠማዘዝክ ስትነዳ በውስጥ በኩል ያለው ክር ይዘገይና ይሰምጣል፣ የውጪው ይፈጥንና ከፍ ይላል። የውስጡ ከያዘ ቀንስ፣ የውጪው ከያዘ ጋዝ ጨምር፣ አለቀ፣ ከዚህ በላይ ምን መሳሪያ ይፈለጋል።

እኛ ጋ ጣና ላይ ሳልሞን የለም ግን ከነጭ አሳ ዘር ውስጥ ሌላ አሳ እያሳደዱ የሚበሉ ስላሉ ዘዴው ይሠራል (ቆሮሶ የሚባለው አሳ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ በሱ አትድከሙ)። ሐይቁ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ቢጠልቅ ነው፣ ሳልሞን አጥማጆቹ ክሩን ወደ ታች የሚያወርዱበት በሽቦ የታሰረ ከባድ ብረት እዚህ ምንም አያደርግም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ግን የስልክ ጂፒኤስ እንዳያታልላችሁ፣ ከወራጁ ጋር ስትሄዱ 4 ቢያሳይም ማባበያው ውሃውን የሚቀዝፈው ከዛ ባነሰ ነው፣ ስትመለሱ ደግሞ በተቃራኒው። ጉማሬም አለ እዛ ጋ፣ እሱን ለናንተ ትቻለሁ። እኔ የማየው የዘንጉን ጫፍ ነው፣ ማባበያው በደንብ ሲሠራ ጫፉ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ ከቆመ ወይ ፍጥነቱ አንሷል ወይ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሞበታል፣ ሰብስቦ ማጽዳት ነው እንጂ ጋዝ መጨመር አያድነውም።

በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ሊወጣ ወንዙ አፍ ላይ የሚሰበሰበውን ነጭ አሳ እዛው እየተመላለሱ መጎተትን ግን እባካችሁ ቴክኒክ ብላችሁ እንዳታወጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር