ልጄ፣ ቡናሽን ያመረረው ውሃው ነው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲነካው ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ኮተቤ ላይ ገና በግንቦት ዝናቡ ጀምሮናል።

ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ እኔ የማፈላው ቡና ይመራል፤ የእማዬን እጅ አልወረስኩም» ብለሽኝ ነበር። እየሳቅሽ ነው ያልሽው፤ ግን ሳቁ አላማረኝም። የጠራሻቸው እንግዶች ሲኒያቸውን ሳይጨርሱ እንደሄዱ ስትነግሪኝ ደግሞ ባሰብኝ። በስልክ ላስረዳሽ ስሞክር እናትሽ ከጎን እየገባች አላስጨርስ አለችኝ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። አሁንም አጠገቤ ናት። የምጽፈውን ታነባለች፤ ታርማለችም።

ስለ እጅ የሚወራውን ብዙ አትስሚው። እኔ እስከ 61 ዓመቴ ጀበና ነክቼ አላውቅም። በእኛ ጊዜ ረከቦት ስር የተቀመጠ ወንድ መሳቂያ ነበር። እናትሽ በርጩማ ላይ መቀመጥ ሲያቅታት ነው የገባሁበት። የመጀመሪያ ቀን ቡናውን ከሰል አደረግሁት። እናትሽ አንዴ ፉት አለችና ሲኒውን አስቀመጠች። «መምህር፣ ይሄ ቡና ነው ቅጣት?» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ በአጥር በኩል አይታኝ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው። ዛሬ ያቺው ሴትዮ 9 ሰዓት ሲሆን ሳትጠራ ትመጣለች። እጄ አልተቀየረም። ምን ከምን እንደሚመጣ ገባኝ እንጂ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ የምሠራት አንዲት ሙከራ ነበረች። ውሃ እጥድና ቴርሞሜትር እከትበታለሁ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። የእኛ ቴርሞሜትር ግን 92 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ውሃው እየተንተከተከ ነው፤ ንቅንቅ የለም። ሁሌም አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይለኛል። አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። አንቺ ያለሽበት የአሜሪካው አሌክሳንድሪያ ደግሞ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ ያላለ ቦታ ነው። እዚያ የፈላ ውሃ እውነተኛ 100 ነው።

ስምንት ዲግሪ ምን ያደርጋል እንዳትይኝ። ከቡና ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ኮምጠጥ የሚለውና ሽታው ነው። መራራው ኋላ ነው የሚመጣው። ውሃው በጣም ሲሞቅና ሲቆይ ያ መራራ ጠራርጎ ይወጣል። እናትሽ እዚህ ስታፈላ እንደልቧ ታንተከትከው ነበር፤ ከ92 ስለማያልፍ ምሕረት ነበረው። አንቺ እሷ ስታደርግ ያየሽውን ሳታጎድዪ እዚያ አደረግሽው። ጥፋትሽ ይሄ ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ውሃው ሲፈላ ጀበናውን ከምድጃው አውርጂው። ሁለት ደቂቃ ያህል ይረፍ። ከዚያ ቡናውን ጨምሪና በትንሽ እሳት መልሺው። አረፋው ወደ አንገቱ መውጣት ሲጀምር ወዲያው አንሺው። እንዲገነፍል አትጠብቂ። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ ካወረድሽውም በኋላ ውስጡ ትንሽ መብሰሉን አይተውም። ያቺ የኤሌክትሪክ ምድጃሽ ደግሞ ከጠፋች በኋላም ትሞቃለችና እላይዋ ላይ አትተዪው። ጀበናውን በቀጥታ ላዩ ላይ ከመጣድ ከስሩ የብረት ሳህን ማድረግ ይሻላል። አለዚያ አንድ ቀን ቋ ብሎ ይሰነጠቃል። አዲስ ጀበና ከገዛሽ መጀመሪያ አሟሺው፤ በቡና አተላ ደጋግመሽ አፍዪበት። በሳሙና እንዳታጥቢው። ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ለሳምንት ቡናሽ ኦሞ ኦሞ ይላል። (ይሄን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው። እናትሽ አሁንም ትስቃለች።)

ቆሌው ያለው ግን ቁላቱ ላይ ነው። ከሱቅ የተፈጨ ቡና እየገዛሽ እንደሆነ ነግረሽኛል። ተዪው። የተፈጨ ቡና ሽታው በሰዓታት ውስጥ ነው የሚሄደው። እዚህም ቢሆን አልድንም፤ አንዴ ቸኩዬ ከአንድ ሱቅ የተፈጨ ገዛሁ። እናትሽ ገና ስታሸተው «ገብስ አለበት» አለች። ነበረበትም።

ጥሬውን ለቅመሽ በውሃ እሺው፤ ውሃው እስኪጠራ። ብረት ምጣዱን በመካከለኛ እሳት አሙቂና ሳታቋርጪ አማስዪ። መጀመሪያ ይተናል፤ ቀጥሎ እንደ ገብስ ቆሎ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። ሲንጣጣ ፍሬው ወደ 200 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ዓይንሽን አትንቀዪ። ስልክ አታንሺ፤ እኛም ብንደውል አታንሺ። ወዙ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምር ወዲያው ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጪና በትኚው። ምጣዱ ላይ ከተውሽው መቆላቱን ይቀጥላል። እኔ መጀመሪያ ቀን ያከሰልኩት በእሳቱ አይደለም፤ እሳቱን አጥፍቼ ምጣዱ ላይ ትቼው ነው።

ጣሪያሽ ላይ ያለችው የጭስ ደወል እንደምታስቸግርሽ አውቃለሁ። መስኮቱን ክፈቺና ትንሽ ትንሽ ቁዪ። ለአንድ ጀበና ብዙ አያስፈልግም። እኔ በሚዛን መዝኜዋለሁ። ለስድስት ሲኒ፣ ማለትም ለግማሽ ሊትር ውሃ፣ 35 ግራም የተቆላ ቡና ይበቃል። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ ጥሬውን 42 ግራም አድርጊ። እናትሽ «ምን ግራም ግራም ትላለህ፣ አንድ እፍኝ በላት» ትለኛለች። የእሷን እፍኝ ሳታውቅ መዘንኩት፤ 43 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሚዛን አንከራከርም።

በሙቀጫና በዘነዘና እዚያ ብትወቅጪ ከታች ያሉት ጎረቤቶችሽ ፖሊስ እንዳይጠሩ። በኤሌክትሪክ መፍጫ ፍጪው፤ ግን አጠር አጠር አድርገሽ፣ እያቆምሽ። ዱቄት እንዳይሆን። በጣትሽ ስትነኪው ሸከር ይበል። ከደቀቀ አይሰክንም፤ ሲኒ ውስጥ ጭቃ ይሆናል። እንግዶችሽ ሳይጨርሱ የሄዱት እኮ በምሬቱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ካወረድሽው በኋላ ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርገሽ አስቀምጪው። ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። እናትሽ በዚህ ጊዜ ነበር ፈንዲሻውን የምታዞረው፤ እንግዳው መጠበቁ አይታወቀውም። ስትቀጂ ደግሞ ከፍ አድርገሽ፣ በቀጭኑ፣ ከሲኒ ወደ ሲኒ ሳታቋርጪ ሂጂ። ጀበናውን ቀና ባደረግሽ ቁጥር የሰከነው አተላ ይነሳል። እናቶቻችን ሳያቋርጡ የሚቀዱት ለማማር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ራሴ ስቀዳ ነው የገባኝ።

ቶናና በረካ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በአተላው ላይ ውሃ ጨምረሽ ታፈዪዋለሽ፤ አንድ ማንኪያ አዲስ ቡና ብትጨምሪበት ቶናው አይቀጥንም። በረካው ቀጭን ነው፤ መቅጠንም አለበት። የመጀመሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ወስደሽዋላ።

አንድ ነገር እናትሽ ጻፍ እያለችኝ ነው። ጎጃም የነበሩት አያቷ ቡና በጨው ነበር የሚጠጡት። እሷም ልጅ ሆና በጨው ነው የለመደችው፤ ስኳር ያየችው አዲስ አበባ መጥታ ነው። እኔ ስሰማው የድህነት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ጨው መራራውን ምላስ ላይ ይሸፍነዋል። ምናልባት አንድ ቀን ቡናው ካመለጠሽና እንግዳ ከተቀመጠ፣ በጣትሽ ቆንጠር አድርገሽ ጣል አድርጊበት። ማንም አያውቅብሽም። ጤና አዳምም ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ እዚያ ያሉ የአበሻ ሱቆች አያጡትም ብላለች።

ሰው ስለሚመጣ ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና ልኬልሻለሁ። አንዱ ይርጋጨፌ ነው፤ የታጠበ። እሱን ብዙ አታጥቁሪው፤ የአበባ ሽታው ይሄድብሻል። ወዙ ከመታየቱ በፊት አውጪው። ሌላው የሐረር ነው፤ ከነፍሬው የደረቀ። እሱ ጠንከር ያለ ቁላት ይችላል። ሁለቱን እንዳትቀላቅዪ ለየብቻ አስሬዋለሁ፤ በቀይ ክር የታሰረው የሐረሩ ነው። ጥሬ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም፤ ደረቅ ቦታ ብቻ አስቀምጪው። በፍሪጅ አታድርጊው።

በእናንተ አቆጣጠር ቅዳሜ ጠዋት 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ጣጂ፤ እኛም እንጥዳለን። እትዬም ትኖራለች፤ ነግሬያታለሁ። ስልኩን ከሆነ ነገር ጋር አስደግፊው፤ ግን ፊትሽን ሳይሆን ምጣዱን አሳዪን። እናትሽ መልኩን አይታ «በቃ» እስክትልሽ ድረስ እንዳታወጪው።

አባትሽ